ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የዋልታን አመዳይ መቁጠር፦ የኦክስጅን አይሶቶፕ ዝርዝር መመሪያ

ህዳር ላይ ደብረ ብርሃን ላደረ ሰው ስለ ውርጭ ማስረዳት አያስፈልግም። ጠዋት ሣሩ ነጭ ነው። ደጅ ያደረ ባልዲ ስስ በረዶ ይለብሳል። ባቄላው ተመትቶ ካደረ ቀኑን ሙሉ ሌላ ወሬ የለም። ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ጠንከር ስትል ግን ያ ሁሉ ነጭ የት እንደገባ አይታወቅም።

ግሪንላንድና አንታርክቲካ መሃል ላይ ይህ ሦስት ሰዓት አይመጣም። የወደቀው ሳይቀልጥ ይቀራል። የዘንድሮው በአምናው ላይ፣ አምናው በካቻምናው ላይ እየተደራረበ ይከመራል። ክምሩ ከ3,000 ሜትር የሚያልፍበት ቦታ አለ።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «የዛሬ ሺህ ዓመት እዚያ ስንት አመዳይ እንደወደቀ በምን ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። «በኦክስጅን አይሶቶፕ» አልኩትና ወደ ትምህርቱ ተመለስኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው መልሴ ግማሹ ስህተት ነበር። አይሶቶፑ፣ ማለትም በክብደት የሚለየው የኦክስጅን ዓይነት፣ ብቻውን የአመዳዩን መጠን አይናገርም። የሚናገረው ወቅቱንና ብርዱን ነው። መጠኑ የሚገኘው ሜትር ይዘን፣ ሚዛን ይዘን፣ ትንሽ ሂሳብ ሠርተን ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያንን ግማሽ መልስ ለመሙላት ነው። ኮምፒውተርና ኤክሴል ያለው፣ ማካፈልና ማባዛት የማይፈራ ሰው እስከ መጨረሻው ሊከተለኝ ይችላል።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ቃላት ላይ እንስማማ። እኛ በረዶ ስንል ሁሉንም ጠቅልለን ነው። ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረውም በረዶ ነው። እዚህ ግን እንደ ባዘቶ ከሰማይ የሚወርደውን «አመዳይ» እለዋለሁ፣ ተጠቅጥቆ የጠጠረውን «በረዶ»። ሁለተኛው በጋና ክረምት ነው። የኛ ሰው በጋ ሲል ዝናብ የሌለበትን ወቅት ነው፤ ውርጩ የሚመታን ራሱ በበጋ ነው። ስለ ዋልታ ስናወራ ይህ ያምታታል። ስለዚህ ሞቃት ወቅትና ቀዝቃዛ ወቅት ብቻ እላለሁ። አንታርክቲካ ሞቃት ወቅቷ ታህሳስና ጥር ነው፤ ግሪንላንድ ደግሞ ሰኔና ሐምሌ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩ ምን እንደሚል ተረዱ

ይህን ደረጃ ዘላችሁ ኤክሴል አትክፈቱ። የሚሳሳት ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሁሉ አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። አብዛኛው 16 ነው። ከሺህ ውስጥ ሁለቱ ገደማ ግን 18 ናቸው። 17ም አለ፣ በጣም ጥቂት ስለሆነ ለዛሬ እንተወው። ከባዱን ኦክስጅን የያዘ ውሃ ሲጠጡትም ሲያዩትም ልዩነት የለውም። የሚለየው ሲተንና ሲቀዘቅዝ ነው።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይይዘዋል። ድፍድፉ ተጥዶ እሳቱ ሲነካው ቀላሉ ቀድሞ ይተናል፣ ከባዱ ወደኋላ ይቀራል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ኃይለኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ባሕርም እንዲሁ ነው፣ ልዩነቱ ግን በጣም ትንሽ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ከባሕር የሚነሳው እንፋሎት ከባሕሩ ይልቅ ከባዱ ኦክስጅን በሺህ 9.8 ያህል ያንሰዋል።

ደመናው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀድሞ ወደ ዝናብ የሚለወጠው ከባዱ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ አይሱዙ አስቡ። ሾፌሩ በየደረሰበት ከባድ ከባዱን ጭነት ያራግፋል። ሸኖ ላይ ትንሽ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ፣ ደብረ ሲና ላይ ትንሽ። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መኪናው ላይ የቀረው ቀላል ቀላሉ ነው። ደመናም ከሞቃት ባሕር ተነስቶ ዋልታ እስኪደርስ በየመንገዱ ከባዱን ሲያራግፍ ይሄዳል። መንገዱ በቀዘቀዘ ቁጥር የሚያራግፈው ይበዛል። በመጨረሻ ዋልታ ላይ የሚወርደው አመዳይ ከባድ ኦክስጅኑ የተመናመነ ነው። በቀዝቃዛ ወቅት የወደቀው የባሰ የተመናመነ፣ በሞቃት ወቅት የወደቀው ትንሽ የተሻለ። መመሪያው በሙሉ የቆመው በዚህ ወቅታዊ መዋዠቅ ላይ ነው።

ልኩ «ዴልታ» ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። የናሙናውን የ18 እና የ16 ጥምርታ በመደበኛው የውቅያኖስ ውሃ ጥምርታ ታካፍላላችሁ፣ አንድ ትቀንሳላችሁ፣ በሺህ ታበዛላችሁ። መደበኛው ውሃ ቪየና ያለው የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የሚያከፋፍለው ነው፤ ጥምርታው 0.0020052 ነው። ናሙናችሁ 0.0019350 ከሆነ፦ 0.0019350 ÷ 0.0020052 = 0.965። አንድ ሲቀነስ −0.035። በሺህ ሲባዛ −35‰ (‰ ማለት ከሺህ ነው)። ይህ የግሪንላንድ አናት ላይ የምታገኙት ዓይነት ቁጥር ነው። የምሥራቅ አንታርክቲካ መሃል ከ−50‰ በታች ይወርዳል። የአዲስ አበባ ዝናብ በአማካይ ከዜሮ ብዙም አይርቅም።

ይህን ነገር ለዓለም ያስተማረው ዴንማርካዊው ዊሊ ዳንስጎር ነው። በሰኔ 1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ጓሮው ላይ የቢራ ጠርሙስ አቁሞ፣ ፈነል ሰክቶ፣ የሚያልፈውን ዝናብ በየሰዓቱ እየለየ ሰበሰበ። ቁጥሩ ከደመናው ሙቀት ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ አየ። ከዚያ ጠርሙስ ተነስቶ ነው ግሪንላንድ ካምፕ ሴንቸሪ ላይ በ1966 አለቱ ድረስ የተቆፈረውን 1,390 ሜትር ገደማ በረዶ ወደ ማንበብ የሄደው። የቢራ ጠርሙስ በየቤቱ ስላለ ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ደረጃ 2፦ ቦታ ምረጡ

መሰርሰሪያው ውስጡ ባዶ ቱቦ ነው። ሲወርድ ክብ እየቆረጠ፣ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ውፍረት ያለው የበረዶ ዘንግ ይዞ ይወጣል። ሸንኮራ አገዳ በሉት። ዓመቶቹ እንደ አንጓ ተደርድረዋል፣ ልዩነቱ በዓይን ብዙም አለመታየታቸው ነው።

እኛ መቆፈር አይጠበቅብንም። የተለካው ቁጥር የአሜሪካው ኖዋ የጥንት አየር ንብረት መዝገብና የጀርመኑ ፓንጋያ ላይ በነፃ ይወርዳል። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ በደከመ ኔትዎርክም ይገባል። ትልቁ ጥያቄ የትኛውን ማውረድ የሚለው ነው።

መለኪያው አንድ ነው፦ በዓመት ስንት ይወድቅበታል? በዓመት 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ በረዶ የማይሞላ ቦታ ላይ የኦክስጅኑ መዋዠቅ ራሱን ያጠፋል። የላይኛው አመዳይ ክፍተቱ ብዙ ስለሆነ እንፋሎቱ በመካከሉ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሞቃቱና ቀዝቃዛው ወቅት ይደባለቃሉ። አንታርክቲካ መሃል ያለውን ቮስቶክን የመሰለ ስመ ጥር ቦታ በዓመት ወደ ውሃ ሲቀየር 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው የሚያገኘው። 420,000 ዓመት ያህል ታሪክ ይዟል፣ ዓመት በዓመት ግን አይቆጠርም። በአንጻሩ አንታርክቲካ ዳርቻ ያለው ሎው ዶም አንዳንድ ቦታው በዓመት ከአንድ ሜትር በላይ በረዶ ይከምራል። ለጀማሪ እንዲህ ያለው ወይም ደቡባዊ ግሪንላንድ ይሻላል። ስሙ ገናና ስለሆነ ብቻ ቮስቶክን አውርዶ ዓመት የሚፈልግ ሰው ቀኑን ያቃጥላል።

ደረጃ 3፦ ሠንጠረዡን አጽዱ

ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ ጥልቀት፣ ዴልታ፣ እፍግታ። እፍግታ ማለት አንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው።

ጥልቀቱ የናሙናው አናት ነው ወይስ መሃል? ፋይሉ አናት ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። ከዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ናሙና እንዳለ ገምቱ። ከ8 እስከ 10 ካለ ጥሩ ነው። ሦስት ወይም አራት ብቻ ከሆነ ሌላ ፋይል ፈልጉ፣ በሦስት ነጥብ ወቅት አይሳልም። የጎደለ ቁጥር ካለ ባዶ ይሁን እንጂ ዜሮ አትሙሉበት። ዜሮ እዚህ የባሕር ውሃ ማለት ነው!

ደረጃ 4፦ ሳሉና ቁጠሩ

አግድም ጥልቀት፣ ሽቅብ ዴልታ አድርጋችሁ መስመር ሳሉ። ከታርማበር ቆማችሁ ወደ ደብረ ሲና ስታዩ እንደሚታያችሁ ተራራ ተራራ፣ ሸለቆ ሸለቆ ይወጣል። እያንዳንዱ ጫፍ አንድ ሞቃት ወቅት ነው። እያንዳንዱ ሸለቆ አንድ ቀዝቃዛ ወቅት። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓመት።

ዘንጉ የተቆፈረበትን ዓመት ታውቃላችሁ፤ ፋይሉ ላይ አለ። ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች እየወረዳችሁ በየጫፉ ጥልቀቱን ጻፉ፣ አጠገቡም ዓመቱን። አንዴ በጫፍ ከጀመራችሁ በጫፍ ጨርሱ።

እኔ መጀመሪያ ስቆጥር መቶ ዓመት በማይሞላ ዘንግ ላይ ዘጠኝ ዓመት ጨምሬ ተገኘሁ። ምክንያቱ ሁለት ጉብታ ያለው ዓመት ነው። በቀዝቃዛ ወቅት መሃል አንድ ሞቅ ያለ ማዕበል መጥቶ አመዳይ ሲጥል መስመሩ ላይ ትንሽ ጉብታ ይሠራል። ያን ሁሉ ዓመት ብዬ ቆጥሬዋለሁ። መፍትሔው ሁለተኛ ምስክር መጥራት ነው። ብዙ ፋይሎች ከኦክስጅኑ ጎን የኬሚካል ቁጥር ይዘዋል። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ፀሐይ በሚበዛበት ወቅት ከፍ ይላል። ሶዲየም የባሕር ጨው ስለሆነ በቀዝቃዛው ወቅት ማዕበል ጊዜ ይበዛል። ጉብታው ላይ ፐሮክሳይዱ ካልተነሳ ዓመት አይደለም፣ ዝለሉት።

አሁንም ካልለየላችሁስ? የግሪንላንድ ቆጣሪዎች ለዚህ ጥሩ ዘዴ አላቸው። የሚያጠራጥረውን ዓመት ግማሽ ብለው ይመዘግባሉ፣ ግማሽ ደግሞ የስህተት ግምት ላይ ይደምራሉ። በዚህ መንገድ የመጨረሻው ቀዝቃዛ ዘመን ያበቃበትን ጊዜ ከ2000 ወደኋላ 11,703 ዓመት ብለው ሲቆጥሩት ከፍተኛው የስህተት ግምት 99 ዓመት ነው። አሥራ አንድ ሺህ ዓመት ቆጥሮ መቶ የማይሞላ ጥርጣሬ! እኛ የአንዳንድ ሰው ዕድሜ ላይ እንኳ ከዚህ የባሰ እንከራከራለን።

ደረጃ 5፦ ቆጠራውን ከሚታወቅ ነገር ጋር እሰሩት

መንዝ ውስጥ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ብትጠይቋቸው ቁጥር ላይነግሯችሁ ይችላሉ። «ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ» ይላሉ። ወይም «የሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ሦስተኛ ልጄ ተወልዶ ነበር»። እናንተ ከዚያ ተነስታችሁ ታሰላላችሁ። በረዶም ጣሊያን ሲገባ አለው።

የሱ ትዝታ እሳተ ገሞራ ነው። ትልቅ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሚረጨው ሰልፈር አሲድ ሆኖ ዋልታ ድረስ ይሄዳል፣ ከአመዳዩ ጋር ይወርዳል። በሰልፌት ወይም በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ዓምድ ላይ ድንገት እንደ ሚስማር ቆሞ ታገኙታላችሁ። የአይስላንዱ ላኪ 1783 ግሪንላንድ ላይ ጉልህ ነው። የኢንዶኔዥያው ታምቦራ 1815 ሁለቱም ዋልታ ላይ አለ። የሎምቦኩ ሳማላስ 1257 እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ በአየር ላይ የተፈነዱት የኒውክሌር ቦምቦች ጨረር ንጣፍ ትተዋል።

ቆጠራችሁ የታምቦራን ሚስማር 1809 ላይ ካደረገው ደስ አይበላችሁ። እዚያ ዓመት ላይ በርግጥም ሌላ፣ ምንጩ በውል ያልተለየ ፍንዳታ አሻራ አለ። ሁለቱ በጥቂት ዓመት ልዩነት ጥንድ ሆነው ይታያሉ። ጥንዱን ፈልጉና ወደኛ ዘመን የቀረበውን ታምቦራ በሉት። አሲዱ ዋልታ እስኪደርስ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊፈጅ ስለሚችል 1816 ላይ ብታገኙት አትደንግጡ። ከዚያ በሁለት ምልክት መካከል ያለው የዓመት ብዛት ካልገጠመ ተመልሳችሁ ጉብታዎቻችሁን መርምሩ። ቁጥሩን አስገድዶ ማግጠም ግን አይቻልም።

ደረጃ 6፦ ቁመቱን ወደ ውሃ ቀይሩ

እስካሁን የሠራነው ካላንደር ነው። አመዳዩ ስንት ነበር የሚለው ገና አሁን መጀመሩ ነው።

የገብስ ገለባ ክምር እዩ። አናቱ ላይ ያለው አንድ ክንድ ገለባና ሥሩ ላይ ያለው አንድ ክንድ ገለባ አንድ አይደለም። የታችኛው በላይኛው ክብደት ተጠቅጥቋል። አመዳይም ላይ ላዩ በሜትር ኩብ 300 ወይም 400 ኪሎ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ይጠጥራል፤ ይህ መካከለኛው ዕድሜው ፊርን ይባላል። 830 ኪሎ አካባቢ ሲደርስ የአየር ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፣ በረዶ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ የጠጠረ በረዶ 917 ነው። ስለዚህ ጫፍ ከጫፍ ያለውን ርቀት እንደወረደ ማወዳደር አይሆንም። ርቀቱን በእፍግታው አባዙና ለ1,000 አካፍሉ፤ የውሃ ቁመት ይወጣል።

ለምሳሌ የራሴን ቁጥር ልስጥ። አንዱ ጫፍ 12.40 ሜትር ላይ፣ ቀጣዩ 12.96 ላይ ነው እንበል። ልዩነቱ 0.56 ሜትር። እዚያ ያለው እፍግታ 520 ነው። 0.56 × 520 ÷ 1,000 = 0.291 ሜትር። ያ ዓመት 291 ሚሊ ሜትር ውሃ የሚሆን አመዳይ አግኝቷል ማለት ነው። ደብረ ብርሃን በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ሲሶው ገደማ ነው። ዋልታ ሁሉ ነጭ ስለሆነ ብዙ የሚጥልበት ይመስለናል እንጂ መሃሉ በረሃ ነው። ነጭነቱ አለመቅለጡ ነው።

እፍግታ የሌለው ፋይል ካጋጠማችሁ ከዚያው ጣቢያ ሌላ ዘንግ ፈልጉ። ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ አትለጥፉ፤ ፊርን በየቦታው የሚጠጥርበት ፍጥነት እንደ ብርዱና እንደ ጫናው ይለያያል።

ደረጃ 7፦ የተለጠጠውን መልሱ

ከላይኛው መቶ ሜትር በታች ሌላ ጣጣ ይመጣል። በረዶ ጠጣር ቢመስልም ቀስ ብሎ ይፈሳል። ሊጥ መሃሉን ስትጫኑት ዳር ዳር እንደሚለው ነው። ንብርብሩ ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ቁመቱ ይሳሳል። እፍግታው አልተለወጠም፣ ሚዛን አያሳየውም። ስለዚህ ታች ያለ ዓመት ሁሉ «ትንሽ አመዳይ የወደቀበት» መስሎ ይታያል። ይህን ሳያርሙ «ድሮ አመዳይ ትንሽ ነበር» የሚል ሰው ሳያውቅ እየዋሸ ነው።

ቀላሉ ማረሚያ በእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ በናይ ስም ይጠራል። የተለካውን ውፍረት ይህን በሚመስል ቁጥር ታካፍላላችሁ፦ አንድ ሲቀነስ ጥልቀቱ ለጠቅላላ ውፍረቱ ሲካፈል። ጠቅላላው በረዶ 2,000 ሜትር ነው እንበል። 600 ሜትር ላይ አንድ ዓመት 14 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተለካ። 600 ÷ 2,000 = 0.3፤ 1 − 0.3 = 0.7፤ 14 ÷ 0.7 = 20 ሴንቲ ሜትር። ለሂሳቡ ያህል ብቻ፣ እዚያው ዘንግ ላይ 1,800 ሜትር ላይ አንድ ዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ሆነ። 2 ÷ 0.1 = 20። ሁለቱ ዓመቶች ሲወድቁ እኩል ነበሩ! ሳይታረም አንዱ የሌላው ሰባት እጥፍ ይመስላል።

ጥልቀቱን ከመጠቀማችሁ በፊት በላይኛው ፊርን ውስጥ ያለውን አየር መቀነስ እንዳትረሱ፤ ሁለቱም ቁጥር በጠጣር በረዶ ይሁን። ወደ ታችኛው ሲሶ ስትጠጉ ደግሞ የናይ ሂሳብ ይከዳችኋል። እዚያ በረዶው ከአለቱ ጋር እየተሻሸ፣ አንዳንዴ ተጣብቆ ነው የሚሄደው። ለዚያ ዳንስጎርና ዮንሰን በ1969 ያወጡት የተሻለ ቀመር አለ። ለመለማመጃ ግን ላይኛው ግማሽ ላይ ቆዩ።

ደረጃ 8፦ ዓመት ለብቻው አትመኑ

አሁን በየዓመቱ የውሃ ቁመት አላችሁ። ሳሉት። ዝላዩ ያስደነግጣችኋል፣ አንዱ ዓመት የሌላውን እጥፍ ይሆናል። ወዲያው ስለ አየር ንብረት አትጻፉ። አብዛኛው ነፋስ ነው። የደብረ ብርሃን ነፋስ አውድማ ላይ ገለባውን ከአንድ ጥግ ጠርጎ ሌላ ጥግ እንደሚከምረው፣ ዋልታም ላይ አመዳዩን እያንከባለለ ሸንተረር ይሠራል። መሰርሰሪያው ሸንተረሩ ላይ ካረፈ ያ ዓመት ወፍራም ነው፣ ጎድጓዳው ላይ ካረፈ ቀጭን። የአሥር ዓመት አማካይ ውሰዱ። ከአንድ አካባቢ ሁለት ሦስት ዘንግ ካገኛችሁ አማካያቸውን ውሰዱ። አብሮ የሚነሳና የሚወድቀው ከሰማይ የመጣ ነው፣ አንዱ ላይ ብቻ ያለው ነፋስ ነው።

እንዲህ የተጣራ ውጤት ምን እንደሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ከ11,700 ዓመት ገደማ በፊት ያንገር ድራያስ የሚባለው የብርድ ዘመን ሲያበቃ፣ ግሪንላንድ አናት ላይ ያለው ጂስፕ 2 ዘንግ ውስጥ የዓመት አመዳይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ እጥፍ ወጥቷል። በክፍለ ዘመን አይደለም፣ አንድ ልጅ አንደኛ ደረጃን በሚጨርስበት ጊዜ ውስጥ። ይህ በ1993 ሲታተም የአየር ንብረት ቀስ ብሎ ብቻ ነው የሚለወጠው የሚለው እምነት ክፉኛ ተናወጠ።

ደረጃ 9፦ ዓመት የማይቆጠርበት ቦታስ?

ቮስቶክና መሰሎቹ ላይ አንጓው ጠፍቷል ብለናል። እዚያ አይሶቶፑ በሌላ በር ይገባል። ከዴልታው ሙቀቱን ይገምታሉ፣ ከሙቀቱ አየሩ ሊይዝ የሚችለውን እርጥበት፣ ከእርጥበቱ አመዳዩን። ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል። በኛ ሙቀት አንድ ዲግሪ ሲጨምር 7 በመቶ ያህል ነው፤ በዋልታ ብርድ ላይ 10 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

እንሞክረው። ዴልታው በ2‰ ወረደ። ግሪንላንድ ላይ ከቦታ ቦታ ሲወዳደር አንድ ዲግሪ 0.67‰ ገደማ ነው። 2 ÷ 0.67 = 3 ዲግሪ ቅዝቃዜ። በየዲግሪው 10 በመቶ ሲቀንስ 0.9 × 0.9 × 0.9 = 0.73። አመዳዩ በ27 በመቶ ቀንሷል።

አሁን ግን ተጠንቀቁ። ጉድጓዱ ውስጥ ቴርሞሜትር አውርደው የጥንቱን ብርድ በቀጥታ ሲለኩ፣ በዘመን ሂደት አንድ ዲግሪ የሚያመጣው የዴልታ ለውጥ የዚህ ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በ0.33 ካካፈላችሁ ያው 2‰ 6 ዲግሪ ይሆናል፣ አመዳዩም በ47 በመቶ ቀነሰ ይላል። ያው ናሙና፣ ያው ቁጥር፣ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው መልስ። እኔ ይህን መንገድ የምጠቀመው ሌላ ሲጠፋ ብቻ ነው። ዳርቻ ላይ ደግሞ ጨርሶ አልሞክረውም፤ እዚያ አመዳዩን የሚያመጣው የማዕበል መንገድ እንጂ ሙቀቱ ብቻ አይደለም።

ሌላም አለ። ዴልታው የሚመዘግበው አመዳይ የወደቀበትን ቀን ብቻ ነው። እንደ ሱቅ የዱቤ ደብተር ነው፤ ገዥ ያልመጣበት ቀን አይጻፍበትም። ቀዝቃዛው ወቅት ደርቆ ካለፈ ዓመቱ ከነበረው የሞቀ ይመስላል።

ደረጃ 10፦ እጃችሁን በኛው ሰማይ አፍታቱ

ዋልታ ሩቅ ነው፣ ክረምት ግን በየዓመቱ ደጃችን ይመጣል። ናሙና አያያዝ መልመድ የሚፈልግ ሰው ሐምሌ ላይ ዝናብና በረዶ መሰብሰብ ይችላል። ውጤቱን ግን በዋልታ ሕግ አታንብቡት። በኛ ዓይነት ሞቃታማ አገር ዝናብ ላይ ዴልታውን የሚገዛው ከሙቀቱ ይልቅ የዝናቡ ብዛትና እርጥበቱ የመጣበት መንገድ ነው፤ ብዙ ሲጥል ቁጥሩ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዝናብ አይሶቶፕ መረብ ውስጥ አለች። ከ2,300 ሜትር በላይ ላለ ከተማ ቁጥሯ ባልተጠበቀ ሁኔታ ወደ ዜሮ የቀረበ ስለሆነ ተመራማሪዎችን ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

አሰባሰቡ እንዲህ ነው። ንጹሕ ሳህን ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ይቀመጥ። በረዶ ከጣለ ወዲያው ሰብስባችሁ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ ክተቱና ተዘግቶ ይቅለጥ። ከዚያ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሙሉ፤ አየር አይቅር። እኔ አንዴ ግማሽ ሃይላንድ በረዶ ክዳኑን ላላ አድርጌ መስኮት ላይ ረሳሁት። በወዳጅ እጅ ላብራቶሪ ደርሶ የመጣው ቁጥር ዝናብ ሳይሆን ኩሬ ይመስል ነበር። ቀላሉ ተንኖ ከባዱ ቀርቷል፤ የአረቄው ነገር በገዛ መስኮቴ ላይ።

ጠርሙሱ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የጣለውን ሚሊ ሜትር ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፣ የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥበት ይለቃል። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ፣ ተዘግቶ።